ሁለት ጣት ተው

ቆርቆሮ ሠሪው ሦስተኛውን የአየር ሳጥን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ወንድሙ ቤት ሲደርስ፣ ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። በሩን የከፈተችለት የወንድሙ ሚስት ናት። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆነች ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ “ቲቸር” እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

“ቲቸር፣ ካፒቴናችን ተነስቷል?”

“ተነስቷል። ግን ጋሼ፣ ሌሊቱን በደንብ አልተኛም። ዛሬስ ቢቀር?”

“ምን ማለትሽ ነው? ሳጥኑ አልቆ!” የጨርቁን ጫፍ ገለጠላት። “እስኪ ጠርዙን ዳሰስ አድርጊው። አይቆርጥሽም። የሕፃን ጉንጭ በይው።”

ቲቸር ዳሰሰችው። “ያምራል” አለች፤ ዓይኗ ግን ሳጥኑ ላይ ሳይሆን እሱ ፊት ላይ ነበር። ሌላ ነገር ልትናገር ከንፈሯን አላቀቀችና መልሳ ገጠመችው።

ካፒቴኑ ከመስኮቱ አጠገብ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሃያ ሁለት ዓመት በእርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት የምትረጭ አውሮፕላን ያበረረ ሰው ነው፤ ከዛፍ ጫፍ በታች ወርዶ ከኤሌክትሪክ ሽቦ በላይ መውጣትን የቤቱን ደረጃ እንደ መውጣትና መውረድ ነበር የሚያየው። ከአሥር ወር በፊት አንድ ማለዳ ፊቱን ሲላጭ ምላጩ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ እንዳለ እዚያው ቀረ። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኑን ወሰደበት። ቃላቱንም ጠራርጎ ሄደና ከሆስፒታል ሲወጣ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ውሃና እሺ። ብዕር ቢሰጡት ወረቀቱን ይቧጭራል እንጂ ፊደል አይወጣውም። ሐኪሟ “ቃላቱ ሊመለሱ ይችላሉ፤ ላይመለሱም ይችላሉ” ብላ ነበር። ቆርቆሮ ሠሪው ይዞ ወደ ቤቱ የሄደው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው።

“ካፒቴን! እንሂድ?”

ካፒቴኑ ታላቅ ወንድሙን ለረጅም ጊዜ አየው። ጨርቁን አየ። “እሺ” አለ።

“ሰማሽ አይደል?” አለ ቆርቆሮ ሠሪው ወደ ቲቸር ዞሮ፣ ወንበሩን እየገፋ። “እንቅልፍ ያጣው እኮ ሥራ ናፍቆት ነው።”

አውሮፕላኗ ያለችው ከቆርቆሮ ሠሪው ሱቅ ጀርባ፣ ድሮ የከሰል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ስድስት ዓመት ሙሉ የዕረፍት ቀናቸውን ለእሷ ገብረዋል። ክንፏ አልቋል፣ ጅራቷ አልቋል። ሞተሯ ከሥራ ከወጣች የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ተነቅሎና ታድሶ አፍንጫዋ ላይ ታስሯል። የቀረው አየር መሳቢያው ነው፤ ሞተሩን በሚሸፍነው ኮፈን ሥር ካለው አፍ አየር ገብቶ፣ በማጣሪያው አልፎ፣ በአንድ የአልሙኒየም ሳጥን በኩል ወደ ላይ፣ አየርና ነዳጅ ወደሚቀላቀሉበት ወደ ካርቡራተሩ የሚወጣበት መንገድ። ያለ እሱ ሞተሩ አይተነፍስም።

ካፒቴኑ ደህና በነበረበት ጊዜ ይህን ሥራ ደብተር ዘርግቶ አስረድቶታል። ሳጥኑ በጎኑ ትንሽ በር አለው፤ በሩ ከአብራሪው መቀመጫ በሽቦ ሲሳብ የፊቱን ቀዝቃዛ አየር ይዘጋና በጭስ ማውጫው ማርሚታ ዙሪያ የሞቀውን ያስገባል።

“ለምን?” ብሎ ነበር ቆርቆሮ ሠሪው።

“ካርቡራተሩ በረዶ ይሠራል።”

“በዚህ ፀሐይ?”

“በዚህ ፀሐይ፣ ጋሼ።”

“አንተ ልጅ፣ ሞተር ነው ብለህ ፍሪጅ ነው እንዴ የምታሠራኝ?”

ካፒቴኑ ግንባሩን ክንፉ ላይ አስደግፎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ቆርቆሮ ሠሪው አሁንም ሳጥን በቆረጠ ቁጥር ያ ሳቅ በጆሮው ይመጣል።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ግን አንድ ቃል ነው። ቆርቆሮ ሠሪ ክፍተት አይወድም። አርባ ዓመት የጣሪያ ውሃ መውረጃና የምድጃ ጭስ ማውጫ ሲሠራ ኖሯል፤ ለእሱ ጥሩ ሥራ ማለት ወረቀት የማያስገባ መጋጠሚያ ነው። ካፒቴኑ ደግሞ፣ ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር የማይንቀጠቀጠውን ከነካ ፈጭቶ ይጨርሰዋል ባይ ነው። ስለዚህ በዚያ መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመዶሻ ድምፅ ቀጥሎ ብዙ የተሰማው “ተው” የሚለው ቃል ነበር። “እዚህ ጋ አንድ ጣት ተው፣ ጋሼ።” “ይቺን ፀጉር ታህል ተዋት።” ታላቁ ታናሹን ማናደድ ሲያምረው አጥብቆ ይገጥምና “ተውኩ!” ይለዋል። ካፒቴኑ ለሌላው ሁሉ በሚሊሜትር ነበር የሚጽፈው፤ ለወንድሙ ግን በጣት ይጽፍለታል፤ ወንድሙ ሜትሩን የት እንዳስቀመጠው አስታውሶ አያውቅማ። በደብተሩም ውስጥ ከሳጥኑ ሥዕል ግርጌ “ከኮፈኑ ሁለት ጣት ተው” የሚል ተጽፏል።

ከሦስት ወር በፊት፣ ቆርቆሮ ሠሪው የመጀመሪያውን ሳጥን ጨርሶ ካፒቴኑን እየገፋ ወደ መጋዘኑ አመጣው። ከበሽታው ወዲህ እዚያ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ካፒቴኑ አውሮፕላኗን አየ። አገጩ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከየት እንዳወጣው ሳይታወቅ “ተው” አለ።

ቆርቆሮ ሠሪው በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ሰባት ወር ሐኪም ያላስገኘውን ሦስተኛ ቃል መጋዘኑ በአንድ ጧት አስገኘ! ያውም የሥራ ቃል! ሳጥኑን ለካው፤ እውነትም ትንሽ ጠብቋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በልቡ አንድ ነገር ተተከለ። አየር መሳቢያው ሲገጠም ሞተሩ ይነሳል፤ ሞተሩ ሲነሳ ካፒቴኑም ይነሳል። ቂል የሚያሰኝ እንደሆነ ስለሚያውቅ ለማንም አልተናገረውም። ግን ጧት ከአልጋው የሚያስነሳው፣ ማታም የሚያስተኛው ይኸው ሐሳብ ሆነ፤ በየቅዳሜው ወንድሙን ያመጣዋል። ሁለተኛው ሳጥን ላይም ካፒቴኑ “ተው” አለ። እነሆ ሦስተኛው።

ወንበሩን እንደ ልማዱ ብርሃን ባለበት፣ ከክንፉ ጥግ አቆመና ካርቶን አንጥፎ ከሞተሩ ሥር በጀርባው ተኛ። ሳጥኑን በአንድ እጁ ደግፎ አራቱን ብሎኖች በጣቱ አስነከሳቸው፣ ከዚያ እያፈራረቀ በመፍቻ አጠበቃቸው። ኮፈኑን ገጠመ። ጣቱን ክፍተቱ ውስጥ ሰደደና ቆም አለ። የእሱ ጣት የአካፋ እጀታ ነው የሚያህለው፤ ደብተሩ የሚለው የማንን ጣት ነው?

ተነሳና ወንበሩን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋ። የካፒቴኑን ቀኝ እጅ ከጭኑ ላይ አነሳው። ቀዝቅዟል። ሌባ ጣቱንና መካከለኛውን አቃንቶ፣ ሌሎቹን በራሱ መዳፍ ይዞ፣ ሁለቱን ጣቶች በሳጥኑና በኮፈኑ መሃል አስገባቸው።

“ይኸው! ሁለት ጣት። የራስህ ሁለት ጣት። እንደውም ይጫወታል።”

ካፒቴኑ ብረቱ መሃል የገቡትን ጣቶች የሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው አያቸው። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

“ተው።”

“አሁንም?”

“ተው!” ግራ እጁን አንስቶ አየሩን ገፋው።

“ወደ ኋላ ይግባ ነው የምትለኝ?” ቆርቆሮ ሠሪው አንገቱን አከከ። “እንግዲህ ከምገምተው በላይ የምትንቀጠቀጥ ጉድ ናት ማለት ነው። እሺ፤ የምታውቃት አንተ ነህ።”

ሳምንቱን ሙሉ አራተኛውን ሲሠራ ከረመ። መጀመሪያ በካርቶን ቆርጦ ሞከረ፣ ከዚያ አልሙኒየሙን በቆርቆሮ መቀስ ቆረጠ፣ በብረት ጠርዝ ላይ አጠፈ፣ ማዕዘኑን በሪቬት ሰፋ። ሳጥኑ በጣም ስላነሰ ማጣሪያው አልገባ አለው። ሁለት ቀን አስቦ ማጣሪያውን አጋድሞ የሚይዝ ክፈፍ ሠራለት። የበሩ ማጠፊያም ቦታ ስላጣ ወደ ሌላው ጎን አዞረው፤ ሽቦውም መንገዱን ለወጠ። አንድ ደንበኛ የውሃ መውረጃውን ሊወስድ መጥቶ ያላለቀ ሲያገኘው “የእኔ ጣሪያ እያፈሰሰ አንተ ሰማይ ትጠግናለህ?” አለው። ቆርቆሮ ሠሪው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ “ሰማዩ ሲጠገን ያንተም ማፍሰሱ ይቀራል” ብሎ መለሰለት። ራሱ በቀልዱ ሳቀ። ሐሙስ ማታ በሩን በሽቦው እየሳበ ሲከፍትና ሲዘጋ፣ ጠቅ የምትለዋን ድምፅ ሲሰማ፣ ከዚህ የተሻለ ሥራ በዕድሜው እንዳልሠራ ታወቀው።

ቅዳሜ ገጠመው። ክፍተቱ ሦስት ጣት ሙሉ ሆነ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከሞተሩ ሥር ወጣና ክንፉ ጥግ ወደተቀመጠው ወንድሙ ፈገግ አለ።

“በል እንግዲህ፣ አለቃ። ዛሬ ፈርምልኝ።”

ካፒቴኑ ዓይኑን ጨፈነ። “ተው።”

የቆርቆሮ ሠሪው ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። የሳምንት ድካሙ በአንድ ጊዜ ትከሻው ላይ ወረደ።

“ከዚህ በላይ ምን ልተው? ሦስት ጣት ነው ያለው፤ ሦስት!” ጣቶቹን አወጣና ከወንድሙ ፊት ያዛቸው። “አራት ልተው?”

“ተው።”

“አምስት?” መዳፉን ሙሉ ዘረጋው። “አምስት ከተውኩ እኮ ሳጥን የለም! ማጣሪያ የለም! ምንም የለም ማለት ነው፣ ገባህ? ባዶ ነው!”

ካፒቴኑ ዓይኑን ከፈተ። በግራ እጁ የተዘረጋውን መዳፍ ያዘና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። ትንሿን፣ ቀጥሎ ያለችውን፣ ሁሉንም፤ አውራ ጣትን በመጨረሻ። የተጨበጠውን እጅ ስቦ ደረቱ ላይ አስደገፈው። የአፉ አንድ ጎን ብቻ ተንቀጠቀጠ።

“ተው” አለ፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ ሰው ሰውን ሲለምን እንደሚለው።

ቆርቆሮ ሠሪው ያኔ ሰማው።

ቃሉ ያው ቃል ነበር። ተንበርክኮ ራሱን ከወንድሙ ራስ ትክክል አደረገና ወንድሙ ካለበት ሆኖ ወደ አውሮፕላኗ ተመለከተ። ከዚህ ሳጥኑ አይታይም። ኮፈኑ ይጋርደዋል፤ ቀድሞም ሲጋርደው ነበር። ከዚህ የሚታየው በተከፈተው የአውሮፕላኗ በር በኩል የአብራሪው መቀመጫ ነው፤ ቀበቶው፣ መሪው፣ ካፒቴኑ ራሱ ለቁመቱ ለክቶ የገጠማቸው መርገጫዎች። ሦስት ወር ሙሉ በየቅዳሜው አምጥቶ ከዚህ ፊት ነበር የሚያቆመው። እያቆመው ደግሞ ያፏጫል።

ወንበሩን አዞረና ወደ ቤት ገፋ።

ካፒቴኑን አልጋው ላይ አስተኝተው ከወጡ በኋላ፣ ቲቸር የተማሪዎቿን ወረቀት ወደምታርምበት ጠረጴዛ ተመለሰች። ቆርቆሮ ሠሪው ቆሞ ቀረ።

“ታውቂ ነበር?”

“ምኑን?”

“ተው የሚለውን።”

ቀዩን ብዕሯን አስቀመጠች። “ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዙን ሳለብሰው ይለኛል። መጀመሪያ ክንዱን አሳምሜው መስሎኝ ነበር።”

“ታዲያ እንዴት አትነግሪኝም? እኔ ሰው አይደለሁም?”

“እንዴት ብዬ ጋሼ? አንተ በዚያ በር ስትገባ ራስህን አላየኸው! እዚህ ቤት ደስ ብሎት የሚገባ ሰው አንተ ብቻ ነህ። እሱም ያንን እያየ ነው እሺ የሚልህ።” በመዳፏ አፍንጫዋን ጠረገች። “አንድ ቀን እንደምንም ልነግርህ ስነሳ እጄን አፈፍ አደረገኝ። ውሃ፣ ውሃ አለኝ። ባመጣለት አልጠጣም። እንዳልናገር ነው የፈለገው።”

ቆርቆሮ ሠሪው ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። “እኔ እኮ…” አለ። “እኔ እኮ ይነሳል ብዬ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“ድምፁን ቢሰማ፣ ሞተሩን…”

“አውቃለሁ ጋሼ። ተቀመጥ።”

አልተቀመጠም። ወደ መጋዘኑ ተመለሰና አራቱን ብሎኖች ፈትቶ ሳጥኑን አወረደው። ክፍት የቀረውን የካርቡራተር አፍ፣ አቧራ እንዳይገባበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ወትፎ አሰረው። ማንም ላይነዳው ሞተር ይህን ያህል መጠንቀቁን ሲያስተውል ቋጠሮው ላላበትና ሁለት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠና ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አልቅሶ በማያውቀው ዓይነት፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። በሩን ቆልፎ ሲወጣ ጎረቤቱ ሰላም አለው፤ “ዝገት ዓይኔ ገብቶብኝ ነው” አለ፣ ሳይጠየቅ። አልሙኒየም አይዝግም፤ ጎረቤቱ ግን ይህን አያውቅም።

ሳምንቱ ሄዶ ቅዳሜ መጣ። ቆርቆሮ ሠሪው ከጧት ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለ። ወንድሙ ቤት ባዶ እጁን እንዴት እንደሚገባ ግራ ገባው። የዛሬ ሃያ ዓመትም ቢሆን መዶሻ፣ ቱቦ፣ ሥዕል፣ አንድ ነገር ይዞ ነበር የሚሄደው፤ ያንን አስቀምጠው ነበር ወሬ የሚጀምሩት። እስከ አራት ሰዓት ቆየና ሄደ።

ቲቸር በሩን ከፍታ ገለል አለችለት። ፊቷ የተለየ ነበር።

“እኔ አይደለሁም” አለች በሹክሹክታ። “ራሱ ነው። እግሩን እያሳየ አላስቀምጥ አለኝ።”

ካፒቴኑ መስኮቱ አጠገብ ነው። ጃኬቱን ለብሷል፣ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ጫማውን አድርጓል፤ ክሩ በሁለቱም እግር እኩል ታስሯል። ፀጉሩ በውሃ ተበጥሯል። ወንድሙ መድረኩን ሳይሻገር፣ ምንም ሳይጠይቀው፣ “እሺ” አለው። የታላቅየውን ፊት በጭንቀት ይመረምር ነበር፤ ያለፈው ቅዳሜ የሰበረውን ነገር በዚህች ቃል ሊጠግን እንደሚፈልግ ሁሉ።

ቆርቆሮ ሠሪው ደስ ያለው ለመምሰል ሞከረ። አልሆነለትም።

“የትም አንሄድም ወንድሜ” አለው። “ዛሬ እዚሁ ነን።”

ከፊቱ ተንበረከከና ክሩን ፈታ። የግራውን ጫማ ሲያወልቅ ካፒቴኑ ተረከዙን ቀና አድርጎ አገዘው። ቀኙን ያዘ። እግሩ ከበደው። ይዞት ትንሽ ጠበቀ፤ ከውስጥ የሚመጣ ምንም እገዛ አልነበረም። እንዲህ ጨብጦ ይዞት አያውቅም፤ ወንበር ሲገፋ እንጂ እግር ሲያነሳ አልከረመም። ይህ እግር መርገጫ አይረግጥም። ይህን ለራሱ፣ ቃል በቃል፣ ሲል የመጀመሪያው ነበር።

ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውንም። እግሩ አብጦ የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀለበት ሠርቶበታል። በራሱ ጭን ላይ አሳረፈውና በአውራ ጣቱ ያሸው ጀመር። ካፒቴኑ ወደ ታች፣ ወደ ወንድሙ ራስ ያይ ነበር። ከወጥ ቤት የቲቸር ዕቃ ማጠብ ይሰማል። ቆርቆሮ ሠሪው ቀለበቷ እንድትጠፋ ቀስ እያለ አሸ፣ አሸ፤ ለሌላ ነገር አልቸኮለም።